ሳሮ አልል ያለው ተማሪዬ

ባለፈው ወር እዚህ ሶዶ አንድ የካራቴ ማሠልጠኛ ሲመረቅ በክብር እንግድነት ተጠርቼ ነበር። በዚህ ከተማ ሜዳ ላይ ሰው ሰብስቦ ካራቴ ያስጀመረው እኔ ስለሆንኩ መጠራቴ አይገርምም። የሚገርመው እስከዛሬ መቆየታቸው ነው። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አንደኛው ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፤ ልጆቹ የለበሱት ነጭ ልብስ ከፋብሪካ የመጣ ነው። አሠልጣኙ ጨዋ ወጣት ነው፤ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝና ጎንበስ ብሎ፣

«አባባ፣ የእርስዎ ስታይል የትኛው ነበር?» አለኝ።

«የሶዶ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ትርዒቱ ሊጀመር ሲል ሁላችንም እንድንነሣ ተጠየቅን። ከልጆቹ ጋር ሲሠለጥን የነበረ አንድ ልጅ በክረምቱ አርፏል፤ የኅሊና ጸሎት ይደረግለት ተባለ። በምን እንደሞተ አልተነገረም፤ ግን የጓደኞቹን ዓይን ላየ መናገር አያስፈልግም ነበር። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አሠልጣኙ በር ድረስ ሸኘኝና ድምፁን ቀንሶ፣ «አባባ፣ በእናንተ ጊዜም እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ነበር እንጂ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የማርቆስን ነገር ነገርኩት። ጨርሼ ስነሣ፣ «ይሄን ይጻፉት» አለኝ። መጻፍ ደግሞ ለእኔ ከባድ ነገር አይደለም።

ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ቻልኩት። በዐሥር ጣት ታይፕ መምታት፣ ማስታወቂያ መጻፍ፣ ክራር መቃኘት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ከአንድ የወፍጮ ሞተር መመሪያ ላይ ጣልያንኛ ሳይቀር ተምሬአለሁ። የማውቃቸው ቃላት በሙሉ ስለ ቅባትና ስለ ብሎን ቢሆኑም ጣልያንኛ ጣልያንኛ ነው።

ካራቴንም የያዝኩት በዚሁ መንገድ ነው። መንግሥት ተለውጦ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔም ሃያ አራት ዓመት አካባቢ ነኝ። ከተማው ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ፊልሞቹ ቻይንኛ ይሁኑ ጃፓንኛ የሚለይ ሰው አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የሚተረጉምልን ጎረምሳም ታሪኩን ከራሱ ነው የሚያመጣው። እኔ ግን የሰውን አፍ ሳይሆን እግር ነበር የማየው። በኋላ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ ባለፎቶ የካራቴ መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ፎቶውን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አንድ በአንድ ተማርኩት። ፊት ለፊት እያየሁ በመማሬ የሥዕሉ ቀኝ ለእኔ ግራ ሆኖ ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ እንቅስቃሴያችን በሙሉ በተቃራኒው ጎን እንደሚጀምር ነገረን። «ታዲያ የሚደባደበን ሰው መቼ መጽሐፉን አይቶታል?» ብዬ መለስኩለት።

ሜዳችን ከከተማው ወደ ዳሞታ ተራራ ሲወጣ፣ ከባሕር ዛፎች ሥር ያለ የከብት መስክ ነበር። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከተራራው እየተንሸራተተ ይወርድና እርስ በርሳችን እንኳ ለመተያየት እንቸገራለን። መጽሐፉ በሩዝ ገለባ ገመድ የተጠቀለለ የሚመታ ግንድ ያስፈልጋል ይላል። ወላይታ ውስጥ የሩዝ ገለባ ከየት ይመጣል? በእንሰት ቃጫ ጠቀለልነው። ጠንካራ ነበር፤ የስንታችንን እጅ ልጧል። ልብሳችንን ከአቡጀዲ የሰፋችልን አስቴር ናት። ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ምላሷ ስለታም ልጅ ነበረች፤ ሰፍታ ስትጨርስ «እኔስ ለምን አልማርም?» ብላ ገባች። ሴት አይገባም የሚል ነገር መጽሐፉ ውስጥ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ዛሬ የልጆቼ እናት ናት።

የተቸገርነው በሰላምታው ነው። ካራቴ ሲጀመርም ሲያልቅም ጎንበስ ተብሎ እጅ ይነሣል። አንድ ቀን ጋሽ ጳውሎስ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚሄዱበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ጌታቸው፣ ልጆቻችንን ለሰው ታሰግዳለህ አሉ።»

«ስግደት አይደለም ጋሼ፤ ሰላምታ ነው።»

«ወገብ ጎንበስ አላለም?»

«ብሏል።»

«ግንባር ወደ መሬት አልዞረም?»

«ትንሽ።»

«እኛ እንግዲህ ለዚህ ሌላ ስም የለንም።»

ወደ ቤት ስገባ ደግሞ ኦርቶዶክሷ እናቴ ሰምታ ጠበቀችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ስግደት ሲሆን ወገቤን ትላለህ። ሜዳ ላይ ለፀጉር ቆራጩ ለኤርሚያስ ስትሰግድ ግን ወገብህ ደኅና ነው!» የሁለቱ እምነት ሰዎች ያለ ክርክር በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ሳምንት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ካራቴውን ይተወው ነበር። እኔ ግን አሰብኩና ሰላምታውን ለወጥኩት። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በሁለት እጅ ይጨባበጣሉ፤ አንዱ «ሳሮ ነህ?» ይላል። ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። ሌላው ዓይን ለዓይን እያየ «ሳሮ ነኝ» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆቹ እየሳቁና እያጉረመረሙ አበላሹብኝ። ስለዚህ ደንብ ጨመርኩበት፤ ሁሉም ጥርት አድርጎ ሳይመልስ ማንም እጅ አይለቅም፣ ማንም ከሜዳው አይወጣም። ይሄ የጃፓን የጥንት ሕግ ነው አልኳቸው። አመኑኝ። ጃፓኖች እንዲህ ዓይነት ብልሃት ቢኖራቸው ደስ ይላቸው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል የማትሪክ ውጤት መጣ። ከእኛ ሠፈር አንድ ልጅ፣ ዝምተኛና የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ፣ ውጤቱን ባየ ማግስት ራሱን አጠፋ። ቀብሩ የተፈጸመው በጥድፊያ ነው። ሴቶቹ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም። ከቀብር መልስ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎው ተወራ፤ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም። እኔ ያን ሰሞን ሱቄ ውስጥ የተፈታ ሬዲዮ ይዤ ብዙ ሰዓት ቁጭ እል ነበር። ካራቴ ራስን መከላከል ነው እያልኩ አስተምራለሁ፤ ጠላትን ግን ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ አድርጌ ነበር የማስበው። በእኛ በወላይታ አዲሱ ዓመት፣ ጊፋታ፣ ሲደርስ ሽማግሌዎች የተጣላ ፈልገው ቤት ለቤት እየዞሩ ያስታርቃሉ፤ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ከራሱ ጋር የተጣላውንስ የማንን በር አንኳኩተው ያስታርቁታል? ይህን ለማን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር።

ተማሪዬ ማርቆስ ከሶዶ ራቅ ያለችው የገሱባ ልጅ ነው። ሶዶ አክስቱ ቤት ሆኖ ይማር ነበር። ለካራቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እግዜር አልፈጠረውም፤ እግሩ ከሐሳቡ በኋላ ነው የሚደርሰው። ቀለም ግን ይገባዋል የሚባል ልጅ ስለነበር የመንደሩ ሰው ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ «ዶክተር» ብሎ ሰይሞታል። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሳይቀሩ «ዶክተር፣ ስትመረቅ ጉልበቴን ታያለህ» ይሉታል። የዚያን ዓመት ማርቆስም አላለፈም። ጊፋታ ደግሞ ሊደርስ ነው። ያኔ የትም ያለ ልጅ ቤቱ ይገባል፤ የቀረ እንደሆነ ሰው ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቃል።

ከጊፋታ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ማለዳ ማርቆስ ከሁላችን ቀድሞ ሜዳው ላይ ተገኘ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ረጥቧል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ያን ዕለት ከወትሮው ተሽሎ ሠራ። ፊቱ ረጋ ብሏል። እንዲያውም ሊያልቅ ሲል የአቡጀዲ ልብሱን ኮት አወለቀና ለኤርሚያስ፣ «ላንተ ይሆንሃል፣ ያዘው» አለው። ኤርሚያስ፣ «አንተ በምን ልትሠራ ነው?» ሲለው ፈገግ ብቻ አለ። ልጁ ለጋስ ሆነ፣ በሰለ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ እንዲህ ድንገት ረግቶ ዕቃውን የሚያድል ሰው ባይ ደንግጬ ነው የምነሣው።

ከዚያ ለመሰነባበቻው ሰላምታ ቆምን። የማርቆስ እጅ አስቴር እጅ ውስጥ ነበር።

«ሳሮ ነህ?» አለችው።

ማርቆስ ዓይኑን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ።

«ማርቆስ፣ ሳሮ ነህ ወይ አልኩህ።»

ሌሎቹ ሁሉ መልሰው ጨርሰዋል፤ ግን ማንም እጅ አልለቀቀም። ኤርሚያስ ነበር መጀመሪያ የሰለቸው። «በል እንጂ ዶክተር፣ ፀጉሩን ግማሽ የተላጨ ሰው ትቼ ነው የመጣሁት።» ጥቂቶች ሳቁ። ማርቆስ እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ።

«ልቀቂኝ አስቴር።»

«አልለቅህም። የጃፓን ሕግ ነው።»

«ልቀቂኝ አልኩሽ!»

«መልስና እለቅሃለሁ። አንዲት ቃል ናት።»

ለምን ዋሽቶ እንዳልወጣ በኋላ ጠይቄዋለሁ። ያን ሳምንት ሁሉንም ሰው ሲዋሽ ነበር የከረመው፤ አክስቱን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹን፣ መንገድ ላይ ደኅና ነህ ወይ ያለውን ሁሉ። «እነሱ ጠይቀውኝ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ» አለኝ። «አስቴር ግን ቆማ መልሱን ትጠብቅ ነበር።»

ጉሙ መሳሳት ጀምሯል። ከመስኩ ዳር ላም የምታስር ሴት ቆማ ታየናለች። ማርቆስ እጁን መሳቡን ተወ።

«ሳሮ አይደለሁም» አለ።

ያኔ ያደረግኩትን ማንም አላስተማረኝም። ሁሉንም እዚያው እርጥብ ሣር ላይ አስቀመጥኳቸውና ከፊቱ ተቀምጬ፣ «ማርቆስ፣ ራስህን ልትገድል አስበሃል?» አልኩት።

«ማስተር!» አለ ኤርሚያስ ደንግጦ። «እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ስሙን መጥራት ነገሩን መጥራት ነው እኮ!»

«ያኛውን ልጅ ማንም አልጠየቀውም» አለችው አስቴር።

ማርቆስ ከእግሩ ሥር ሣር ነጨ። ከዚያ፣ «አዎ» አለ። «ከጊፋታ በፊት። ቤት መግባት አልችልም።» ይህን እንዳለ ማልቀስ ጀመረ። ልቅሶው የታመመ ሰው ልቅሶ አልነበረም፤ ከገበያ የተሸከመውን ሸክም አውርዶ እንደሚያቃስት ሰው ነበር። ክፉ ነገር ሰምቼ እንደዚያ የቀለለኝ ቀን የለም።

ብቻውን እንዳይሆን ተስማማን። ቀጥሎ ምን ይደረግ ሲባል አስቴር፣ «ዛሬውኑ ገሱባ» አለች። ኤርሚያስ ግማሹን የተላጨ ደንበኛውን ሄዶ ጨረሰና ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ እኔም ዘጋሁ፤ አስቴር ለአክስቱ ልትነግር ቀረች። ከረፋዱ ላይ ጨው የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥተን፣ ማርቆስን መኻል አድርገን፣ ጉዞ ጀመርን።

የዚያ መንገድ ጭቃ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ቀይና የሚያጣብቅ ነው። መኪናው አንድ ቁልቁለት ላይ ተያዘና የቀረውን በእግር ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ደርሷል፤ ከአንዲት ሴት ትኩስ ጥብስ እሸት ገዝተን እየበላን ሄድን። ማርቆስ መጀመሪያ አልበላም አለ፤ በኋላ ሳያውቀው የኤርሚያስን ጨምሮ በላ። «ካራቴውም እንዲህ ቢሆንልህ» አለው ኤርሚያስ። ማርቆስ ፈገግ አለ። ወዲያው ከማዶ አንድ ሽማግሌ «ዶክተር! ሳሮ!» ብለው ሲጣሩ ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«አባቴን ምን ልለው ነው?»

«እኔ እናገርልሃለሁ» አልኩት። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ መግቢያው ብቻ ሰው ያስለቅሳል።

ስንደርስ አባቱ ከደጅ ለጊፋታ ከጎረቤት ጋር በቅርጫ የገዙትን በሬ ያስራሉ። አጭር፣ መዳፈ ሰፊ ገበሬ ናቸው። ሦስታችንን አይተው ገመዱን አጠበቁና በወላይትኛ ተናገሩ። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ አንዲት ቃል አላመለጠኝም።

«መጣህ?»

«መጣሁ አባ።»

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩ። አባትየው ግን ወደ እኔ አላዩም። «መውደቅህን ገበያ ላይ አስተማሪው ነግሮኛል። ሰንብቷል። እናትህ በየቀኑ ወጥታ መንገድ ታያለች። በፈተና ወደቅክ፤ እሺ። ታዲያ ቤታችን እንዲህ ራቀህ?»

ማርቆስ ሳምንቱን ሁሉ የፈራው ነገር፣ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ደጅ ደርሶ፣ ታውቆ፣ አልፎም ነበር። ንግግሬ ሳያስፈልግ ቀረ። ቅር አለኝ ብል እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ማርቆስ ራሱ ተናገረ። ሊሞት አስቦ እንደነበር፣ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ በገዛ አፉ ነገራቸው። አባቱ ኮፍያቸውን አወለቁና እዚያው በሬው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አሁንም አለ ሐሳቡ?»

«ቀንሷል። ጨርሶ ግን አልሄደም።»

«ሲመጣ ትነግረኛለህ?»

«እነግርሃለሁ።»

«በእርሻም መኻል ቢሆን፣ ተኝቼም ቢሆን።» አባቱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔ በሕይወቴ የትኛውን ፈተና አልፌ አውቃለሁ? ይኸው አለሁ፤ አንተንም ወለድኩ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

«ካራቴ አባባ። ራስን መከላከል ነው።»

«ከማን?»

እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን አጣሁ። ኤርሚያስ ይህን እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

እናቱ ከእንሰቱ ጓሮ ወጥታ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ልጇን አቅፋ ግንባሩን ሳመችውና ወደ ቤት ገባች። ስንጠራ ጎደሬው ተቀቅሎ፣ ከቃሪያ የሚፈጨው ዳጣ ቀርቦ፣ መኻሉ ላይ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ቡላ ተቀምጧል። አባቱ ሳህኑን አይተው ቀና አሉ። አገራችንን ለማያውቅ ልንገረው፤ ሴቶቻችን ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታ ቅቤ ያጠራቅማሉ። የቅቤው ማሰሮ ከቀኑ በፊት አይከፈትም፤ እንግዳ ቢመጣም፣ ሰው ቢታመምም አይነካም። እሷ ከፍታው ነበር።

«ጊፋታ ገና ነው እኮ» አሉ አባቱ ቀስ ብለው።

«ልጄ መጥቷል፤ ጊፋታዬ ዛሬ ነው» አለች። «ብላ አንተ።»

ማርቆስ በላ። እኛም በላን፤ እንደዚያ ዓይነት ቡላ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቀመስኩም።

ነገሩ ያን ዕለት አለቀ ብዬ አልዋሽም። በኅዳር ያ ሐሳብ ተመልሶበት ነበር። ለአባቱ ነገረ፤ አባቱ ወደ እኔ ላኩ፤ ሄጄ አብሬው ሰነበትኩ፤ እንደገና አለፈ። እየቆየ ሐሳቡ መምጣቱን ተወ። የአዲስ አበባው ባለሙያ በመጣ ጊዜም ሰላምታችንን አይቶ ስቆ፣ «ይሄ ካራቴ ውስጥ የለም» ሲል አስቴር፣ «ከሌለ ይግባበት» አለችው። ማርቆስን ማን አዳነው በሚለው ግን እኔና እሷ አሁንም እንከራከራለን። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ ትላለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ።

ለወጣቱ አሠልጣኝ ይህን ከነገርኩት በኋላ፣ «እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። በግልጽ ቃል ጠይቅ፤ ጠይቀህም መልሱን ቆመህ ጠብቅ። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ ያለውን ነው የሚያወጣው። ብቻውን አትተወው፤ ወደሚወዱት ሰዎች ውሰደው። ዛሬ ደግሞ ለዚህ የተማረ ሐኪም አለ፤ ወደ እሱም ውሰደው። እኔ ብዙ ነገር ራሴን አስተምሬአለሁ፤ በዚህ ግን ከሐኪም ጋር አልፎካከርም።

ማርቆስ አሁን ቦዲቲ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ዶክተር ሳይሆን ነው የቀረው፤ የሠራው አልጋ ላይ ግን ዶክተሮች ይተኛሉ። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ እራት በላን፤ ስለ ጉልበቱ አማረረ፣ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ ብሎ ፈለገ፣ ፀጉሬ ጥጥ መሰለ፣ እርጅና መጣብኝ እያለ ሲነጫነጭ አመሸ። አስቴር፣ «ቀለም ተቀባ» አለችው። እኔ ግን ሽበቱን አየሁ። ያን ማለዳ እጁ ቢለቀቅ ኖሮ የማይደርስበት ሽበት ነው። የሰው ሽበት እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።